ለሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ነርስ ረዳቶች፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሐኪሞቹን ብዙ ሰው ያመሰግናቸዋል፤ ይገባቸዋልም። የዛሬው ምስጋና ግን ለነርስ ረዳቶቹ ነው።

ፊስቱላ (ምጥ ሲረዝም ፊኛ ተቀዶ ሽንት ሳያቋርጥ የሚፈስበት ጉዳት) ያለባቸውን ታካሚዎች ከወረዳ ስንልክ፣ ሆስፒታሉ ከመድረሳቸው በፊት ስንት በር እንደተዘጋባቸው እናያለን። አንዱ ቦታ የካርድ ክፈይ ይላታል፣ ሌላው አስታማሚ ይዘሽ ነይ። ባሏ ትቷት ከማን ጋር ትምጣ? በሽታዋ ይሸታል ብለው ከወረፋ የሚያስነሷትም አሉ። ከሁሉ የሚያንገበግበው፣ ሁለት ሦስት ቀን ስታምጥ የቆየች እናት ካቴተሯ (ፊኛ ውስጥ ገብቶ ሽንት የሚያወጣው ቱቦ) በማግስቱ ተነቅሎ ወደ ቤቷ መሸኘቷ ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛውን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ደም ይከለክለዋል፤ የሞተው ሥጋ የሚቀደደው ግን ከቀናት በኋላ ነው። ካቴተሩ 2 ሳምንት ቢቆይ ስንቷ በዳነች! ሽንቷ መንጠባጠብ ከጀመረም በኋላ፣ ቀዳዳው ትንሽና አዲስ ከሆነ፣ 4 ሳምንት ያህል በካቴተር ብቻ ሊዘጋ ይችላል።

ሐምሊን ሕክምናው በነፃ ነው። ከነርስ ረዳቶቹም ብዙዎቹ እዚያው ታክመው የዳኑ ሴቶች ናቸው። ነርስ ረዳቷ ታካሚዋን «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» ስትላት እውነቷን ነው። ይህ ደግነት ብቻ አይደለም፣ ሕክምናም ነው። ፊስቱላ ያለባት ሴት እንዳይፈስባት ብላ ውሃ መጠጣት ትተዋለች። ሽንቷ ይወፍራል፣ ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ጠጠርም ይሠራል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ግን ሽንቷ እንደ ውሃ እስኪጠራ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር መጠጣት አለባት። ይህን ፍርሃት የኖረችበት ሴት ስትነግራት ትሰማለች። ቱቦውንም ሌሊት ሳይቀር ማየት ያስፈልጋል፦ ከታጠፈ ወይም በረጋ ደም ከተዘጋ ፊኛው ሞልቶ ስፌቱን ይወጥረዋል፤ የሐኪሙ ድካም በአንድ ሌሊት ገደል ይገባል።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼም በታካሚነት ነበር የገቡት። ከሆስፒታሉ መሥራቾች ከዶክተር ሬጅናልድና ከዶክተር ካትሪን ሐምሊን ጎን ቆመው ቀዶ ጥገና ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሁለቱ ጋር የለንደኑን ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለሙ። ዲግሪ ሳይጠየቅ እጅ የሚከበርበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሐምሊን ሚድዋይፍ (አዋላጅ ነርስ) ኮሌጅም ተማሪዎቹን ከገጠር ተቀብሎ ወደ መጡበት አካባቢ ይመልሳቸዋል። ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው፤ ምጡ ላይ የሚደርስ ሰው ከሌለ ቀዶ ጥገናው ማለቂያ የለውም።

ወገኖች፣ ሽንት እያመለጣት ጓዳ የተደበቀች እህት ካለች እባካችሁ ላኳት። ከአዲስ አበባ ሌላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማእከላት ተከፍተዋል። ከዳነች በኋላ ለ3 ወር ከባሏ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት አታድርግ፤ ብታረግዝ ደግሞ በሆስፒታል፣ በቀዶ ጥገና ትውለድ። ለመንገዱ የምትቀይረው ጨርቅና ፌስታል ያዙላት፤ ውሃ ግን አትከልክሏት።