«ማሩን ደብቁባት» ያላለችው ሲስተር

ይህን ልጻፍ ልተወው ስል ልጄ ሦስት ወር ሞላት። አሁን ተኝታልኛለች፣ ሳትነቃ ልጨርሰው። ደብረ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ ነፍሰ ጡሮች፣ በተለይ «ስኳር አለብሽ» የተባላችሁ፣ የምጠቁማችሁ አንዲት ነርስ አለች።

እኔ የተነገረኝ በ26ኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ 75 ግራም ግሉኮስ በጥብጠው አጠጡኝ፣ ደሜን ለኩ። ከዚያ ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ጣፋጭ የለም፣ እንጀራ ቀንሺ» አለኝ። በቃ። ስንት ልቀንስ? በምኑ ልተካው? ከኋላዬ ወረፋ ነበር፣ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ መብላት አቆምኩ ማለት ይቻላል። ቀን ቀን ትንሽ ጎመን፣ ሌላ የለም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። አማቴ ከቢቸና ያመጡት አንድ ማሰሮ ማር ጓዳ ነበር። ባለቤቴ ሲተኛ እሄድና በጣቴ። አዎ፣ በጣቴ! ጠዋት ለቅሶ። አማቴ «ያማራትን ካልቀመሰች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል» ይላሉ፤ ባለቤቴ ማሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል።

ወደ ሲስተር የወሰደችኝ ጎረቤቴ ናት። አማቴም ተከተሉን። ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያምርሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ምሳ ምን በልተሽ ነበር?» ዝም አልኩ። «ርቦሽ ነዋ!» አለችና ወደ አማቴ ዞረች። «እማማ፣ ለልጅዎ ይንገሩልኝ፣ ማሩን አይቆልፍባት። እርስዎ ደግሞ ምሳዋን መብላቷን ይዩልኝ።»

በማግስቱ ቤት የምበላውን እንጀራ ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት አነጠፈች፣ እንጀራውን ዘረጋችው፣ ለሁለት አጥፋ ገመሰችው። «ይህን በሽሮ፣ ጎመኑ ይብዛ፣ እንቁላል ካለ ጨምሪ። መብላት ከጀመርሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳርሽን በመለኪያው ለኪ። ከ140 በታች ከሆነ ልክሽ እሱ ነው።» በሽሮ የበላሁ ቀን 128 መጣ። ሙሉ እንጀራ በድንች ወጥ የበላሁ ቀን 187። ያኔ ነው የገባኝ። ድንች በእንጀራ ማለት እንጀራ በእንጀራ እንደመብላት ነው። (የኔን ቁጥር ለራሳችሁ አትውሰዱ፣ የሰው ሰውነት ይለያያል።)

መክሰስ የሽምብራ ቆሎ ወይም ስኳር ያልገባበት እርጎ ሆነ። አንዳንዴ አቮካዶ። ጁስ ቤት «ያለ ስኳር፣ ያለ ቪምቶ» ስል ልጁ ሁለቴ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከበላሁ በኋላ ሩብ ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ።

ማሩስ? «አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከምግብ ጋር፣ ደብተርሽ ላይ ጽፈሽ። ማር ከስኳር ይሻላል የሚልሽን አትስሚ፣ ለመለኪያው ሁለቱም ያው ናቸው» አለችኝ። ሳይከለከል ሲቀር ነው መሰለኝ፣ በሁለተኛው ሳምንት ማሰሮውን ረሳሁት።

ፍልሰታ ሲገባ እንቁላሉንና እርጎውን ልተው ብዬ ነበር። «የንስሐ አባትሽን ጠይቂ» አለችኝ። እሳቸውማ ተቆጡ፦ «ነፍሰ ጡር ሆነሽ፣ ታመሽ፣ ማን ጹሚ አለሽ?»

ያስቸገረኝ የጠዋቱ ነው። በባዶ ሆድ ከ95 በታች መሆን ነበረበት፤ የኔ 104፣ 101፣ 106። ምንም ባደርግ አልወርድ አለ። ሐኪሙ ኢንሱሊን ሲያዝልኝ ጥፋቴ መስሎኝ አለቀስኩ። ሲስተር ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች ናቸው አለችኝ የሰውነቴን ኢንሱሊን አቅም የሚያሳጡት፤ እርግዝናው ሲገፋ እነሱም ይበዛሉ። የምወጋው ኢንሱሊን ደግሞ ወደ ልጁ አያልፍም፣ የሚያልፈው ስኳሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ይበላሽብኛል ብዬ ስጨነቅም፣ የተከፈተው ብልቃጥ ፀሐይና ሙቀት ካላገኘው አራት ሳምንት ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል አለችኝ። «በማርቆስ ብርድማ!» ብላ ሳቀች። «ብቻ በረዶ ቤት እንዳታስገቢው። እጅሽ ተንቀጥቅጦ መለኪያው ከ70 በታች ካለ ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ቶሎ ብዪ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግመሽ ለኪ።» ማር መድኃኒት የሚሆንበት ቀንም አለ ለካ።

ልጄ 3.3 ኪሎ ሆና ተወለደች። ተረከዟን ወግተው ስኳሯን ለኩ፣ ደህና ነበር፣ ወዲያው አጠባኋት። በስድስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ናት። «ግሉኮሱን ድጋሚ ሳትጠጪ ጠፋሽ አይደል?» በእውነት ረስቼው ነበር። ሄጄ ተለካሁ፣ ጠፍቶልኛል። ግን ወደፊት የመመለስ ዕድሉ ስላለ በየዓመቱ እንድለካ ነግራኛለች።

ሲስተርዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስሟን እንዳልጽፍ «ወረፋ ታበዢብኛለሽ» ብላ ከልክላኛለች። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ የለካችሁበትን ደብተር አትርሱ። እንጀራ አምጡ ካለቻችሁ ደግሞ የዘወትሩን ውሰዱ። እኔ ከመሶቡ ትንሿንና ሳሳ ያለችውን መርጬ ሄጄ፣ አማቴ እዚያው ፊቷ አጋልጠውኛል።