ቪም፣ ቪኤስ ኮድ፣ ሰብላይም ወይስ ጄትብሬንስ? ፈንክሽኑ የተጻፈበት ቦታ ለመድረስ ስንት ትከፍላላችሁ?

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። የሌላ ሰው ኮድ ስናነብ፣ አንድ ቁልፍ ተጭነን ፈንክሽኑ (ስም የተሰጠው የኮድ ቁራጭ) የተጻፈበት መስመር ላይ የሚያደርሰን ኤዲተር (ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) የቱ ነው? በስልክ መመለስ ስለሰለቸኝ እዚህ ላስቀምጠው። ከአሁኑ ልናገር፣ እኔ አዳላለሁ። የማዳላው ለቪም ነው፣ የኮድ ስሞች የት እንደተጻፉ ከሚመዘግበው ፕሮግራም ከዩኒቨርሳል ሲታግስ ጋር። ምክንያቱ ኪሴ ነው።

መጀመሪያ የተቃጠልኩበትን ላውራ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ኮምፒውተር ቤት ገብቼ፣ በዶላር የሚሸጥ ኤዲተር «ፉል ቨርዥን ነው» ተብዬ በ300 ብር አስጫንኩ። ሁለት ሳምንት ተንደላቀቅሁ። ከዚያ አንድ ፕለጊን (ኤዲተሩ ላይ የሚጨመር ተቀጽላ) ላወርድ ስል እምቢ አለ። ኔትወርክ ነው ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በኋላ ኮምፒውተሩ የድረ ገጽ አድራሻ የሚያይበትን፣ ሆስትስ የሚባለውን ፋይል ስከፍተው ጉዱ ታየ። ክራኩ (ሳይከፈል እንዲሠራ የሚሰብረው ፕሮግራም) ፈቃድ እንዳይጠየቅ ብሎ የኩባንያውን አድራሻዎች በሙሉ ዘግቷል፤ የፕለጊኑም በር አብሮ ተቆልፏል። ይህ ቀላሉ ነው። ላፕቶፑ ምንም ሳልከፍትበት ፋኑ ይጮህ ጀመር። መጨረሻው ፎርማት ሆነ፦ 500 ብር፣ ሁለት የሥራ ቀን፣ ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ ያልጫንኩት የአራት ቀን ኮድ። በ300 ብር የገዛሁት ነገር ስንት እንዳወጣኝ እናንተው ደምሩት።

ስለዚህ በሕጋዊ ዋጋ እንነጋገር።

ሰብላይም ቴክስት ለግል 99 ዶላር ነው፤ የሦስት ዓመት ማሻሻያ አለው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ገበያ ሳይለቀቅ በፊት በባንክ ዋጋ 6,000 ብር አይሞላም ነበር። ዶላሩን በ130 ብር ብንይዘው እንኳ 12,870 ብር ነው። ያውም ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ካገኛችሁ። ሳይከፍሉ መሞከር ይቻላል፤ ቀነ ገደብም የለውም። አልፎ አልፎ ሴቭ ስታደርጉ «ግዙኝ» የሚል መስኮት ብቅ ይላል። ፍጥነቱ አይታማም፣ ኤፍ12 ስትጫኑም ወዲያው ይወስዳችኋል። ችግሩ፣ የሚያውቀው ስም ብቻ ነው። «ሴቭ» የሚባል ፈንክሽን አሥር ቦታ ካለ አሥሩንም ደርድሮ «ምረጥ» ይላል። የኔ ሲታግስም ይህችው ድክመት አለችበት፣ አልክድም። ግን እሱ ነጻ ነው።

ጄትብሬንስ (የብዙ ኤዲተሮች ኩባንያ ነው) ኮዱን ከሁሉም በላይ ያውቃል። የትኛው «ሴቭ» የየትኛው ክላስ እንደሆነ አይጠፋውም። ለፓይተን ቋንቋ የሚሆነው የፓይቻርም መሠረታዊ ክፍል ነጻ ነው፤ ለጃቫስክሪፕት የሚሆነው ዌብስቶርምም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነጻ ሆኗል። ተማሪ ከሆናችሁ ሁሉንም በነጻ ይሰጧችኋል። ታዲያ ክራክ የምታስጭኑት ለምንድን ነው? በዌብስቶርም ለደንበኛ ሠርታችሁ ከተከፈላችሁ ግን ንግድ ነው፤ በየዓመቱ ትከፍላላችሁ። ራም ላይ ደግሞ አይራራም። የኔ ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፕ ላይ ፕሮጀክት ከፍቼ ኢንዴክስ እስኪያደርግ (ኮዱን ሁሉ አንብቦ እስኪመዘግብ)፣ ቡናው ከአቦል ተነስቶ በረካ ላይ ይደርሳል።

ቪኤስ ኮድ ነጻ ነው። 8 ጊጋ ራም ካላችሁ ይበቃችኋል፤ እያመመኝም ቢሆን እናገራለሁ። ጠያቂዎቼ ግን ኤፍ12 አልሠራ እያላቸው ነው የሚደውሉልኝ። ባለፈው አንዱ ወዳጄ «ኧረ ባክህ፣ ዴፊኒሽኑ አልተገኘም ይለኛል፣ ሌላ ኤዲተር ልግዛ እንዴ?» አለኝ። ስክሪኑን አስላኩት። አንዲት የፓይተን ፋይል ብቻዋን ከፍቷል። ፎልደሩን በሙሉ ክፈት አልኩት። ግማሹ ሠራ። ጃንጎ (የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) ላይ ሲደርስ አሁንም እምቢ። ታች በቀኝ በኩል የተመረጠውን ፓይተን አንብብልኝ ስለው የሲስተሙን ነው የነገረኝ፤ ጃንጎ የተጫነው ደግሞ የፕሮጀክቱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ለፕሮጀክቱ ብቻ የተለየ ፓይተን) ውስጥ ነው። እሱን መረጠ፣ አለቀ። ለጃቫስክሪፕት ምንም ሳትጭኑ ይሠራል፤ ለፓይተን ግን የፓይተኑን ኤክስቴንሽን (ተቀጽላ) ኮዱን ከሚያነብለት ከፓይላንስ ጋር መጫን ግድ ነው። ቪኤስኮዲየም የሚባለውን፣ ከቪኤስ ኮድ ክፍት ኮድ የተሠራውን የምትጠቀሙ፣ ፓይላንስ ለማይክሮሶፍት ምርቶች ብቻ የተፈቀደ ነውና እሱን ለመጫን አትድከሙ።

አሁን ወደ ቪም። ዋጋው ዜሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ያረፈው ሠሪው ብራም ሙሌናር የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ባዶውን ስትከፍቱት «ኡጋንዳ ያሉ ችግረኛ ልጆችን እርዱ» የሚል መልእክት ይታያል። ከግዴታ ክፍያ ይልቅ ይህ ልቤን ይነካዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ፕሮጀክቱ ውስጥ ገብታችሁ ሲታግስን ከነንዑስ ፎልደሮቹ እንዲያነብ ታዙታላችሁ። «ታግስ» የሚባል አንድ የጽሑፍ ፋይል ያወጣል፤ የየትኛው ስም ቤት የት እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ቪም ውስጥ ስሙ ላይ ቆማችሁ ኮንትሮልና የሚዘጋውን ካሬ ቅንፍ (]) ስትጫኑ ትዘላላችሁ፤ በኮንትሮልና ቲ ትመለሳላችሁ። ከበስተጀርባ የሚሮጥ ሰርቨር የለም፣ ስለዚህ ራም አይበላም። ኮዱ ሲቀየር ፋይሉን እንደገና ማውጣት አለባችሁ፤ አለዚያ የድሮ አድራሻ ይዞ ያዞራችኋል።

እዚህም ግን ስሙን የሚጋራ ሌላ አለ፣ ተጠንቀቁ። ኡቡንቱ ላይ ኤክዙበራንት ሲታግስ የሚባል አለ። የመጨረሻ እትሙ እ.ኤ.አ. የ2009 ነው፤ ታይፕስክሪፕት የሚባለውን ቋንቋ ጨርሶ አያውቅም። «ሲታግስ አይሠራም» ብለው የተዉት ሰዎች ብዙዎቹ እሱን የጫኑ ይመስለኛል። ዩኒቨርሳል የሚለውን ጫኑ። ማክ ላይ ደግሞ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ሌላ ነው፤ ንዑስ ፎልደር አንብብ ስትሉት ትእዛዙን አላውቀውም ይላል። በሆምብሩ (የማክ ፕሮግራም መጫኛ) ዩኒቨርሳሉን አስገቡ።

አንዲት ነገር ደግሞ፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቀረ ቪም ትእዛዝ አይሰማም። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ሁለቴ ሪስታርት አድርጌያለሁ።

አራተኛዋ ጠያቂ ባለፈው ቅዳሜ ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። መጀመሪያ ሲታግስን ስናዝዘው አላልቅ አለ፤ ለካ ኖድ ሞጁልስን (ሌሎች የጻፉት ኮድ የሚወርድበትን ፎልደር) በሙሉ እያነበበ ነው። እሱን ዝለል ብለን ስንደግመው ሻዩ ሳይቀዳ ጨረሰ። «ይሄው ነው? ምንም አልከፍልም?» አለች። ሻዩን ከፈለች።