ነጻውን የፓርክ ፈቃድ በ35 ዩሮ ይሸጡላችኋል፦ ወደ ደቡብ ስፔን ለምትጓዙ ቤተሰቦች

ባለፈው ጁላይ ከባለቤቴ፣ ከልጃችንና ከ68 ዓመት እናቴ ጋር ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ገዝተን በአንዳሉሲያ ስላደረግነው የሦስት ቀን ጉዞ የምጽፈው፣ ከእኛ የተወሰደው ገንዘብ ከሌላ ቤተሰብም እንዳይወሰድ ነው። ተመሳሳይ ውል በተለያየ ስም የሚሸጡ ሌሎችም እንዳሉ ስለተመለከትኩ፣ ከድርጅቱ ስም ይልቅ አሠራሩን ብታውቁት የበለጠ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ውሉ ለአንድ ሰው 389 ዩሮ ሲሆን፣ በዚህ ዋጋ ሮንዳ ከተማ ውስጥ ሁለት ሌሊት እንደምናድር፣ «ነጫጭ መንደሮች» ከሚባሉት መካከል ዛሃራ ዴ ላ ሲየራን፣ ግራሳሌማንና ሴቴኒል ዴ ላስ ቦዴጋስን እንደምንጎበኝ፣ በግራሳሌማ የተፈጥሮ ፓርክም ፒንሳፖ በሚባል ዛፍ ደን ውስጥ በእግር እንደምንጓዝ ይገልጻል። ከዚህ በተጨማሪ «የተፈጥሮ ፓርክ መግቢያ ፈቃድ» በሚል በነፍስ ወከፍ 35 ዩሮ፣ በድምሩ 140 ዩሮ አስከፍለውናል።

ዋናው ማታለያ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግራሳሌማ እ.ኤ.አ. በ1977 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ፣ በ1984 ደግሞ የተፈጥሮ ፓርክ የተባለ ሰፊ ተራራማ አገር ነው እንጂ በር ላይ ትኬት የሚቆረጥበት ግቢ አይደለም። ሰዎች የሚኖሩባቸው መንደሮች በውስጡ አሉ፣ የሕዝብ መንገድም ያቋርጠዋል። ፈቃድ የሚጠየቀው የፒንሳፖውን ደን፣ ጋርጋንታ ቬርዴ የሚባለውን ገደልና 1,654 ሜትር ከፍታ ያለውን የቶሬዮን ተራራ ለመሳሰሉ የተወሰኑ የእግር መንገዶች ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተገደበ በመሆኑ ፈቃዱ አስቀድሞ፣ በተጓዡ ስም ይጠየቃል፤ ጉዳዩንም በኤል ቦስኬ ከተማ የሚገኘው የፓርኩ የጎብኚዎች ማዕከል ያስተናግዳል።

ሁለተኛው ችግር ወቅቱ ነው። ፒንሳፖ የጥድ ዓይነት ዛፍ ሲሆን፣ በስፔን ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅለው በካዲስና በማላጋ ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ከእነዚህ ተራሮች ጋር ሲጋጭ ዝናቡን ስለሚጥል፣ ግራሳሌማ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ የምታገኝ፣ ከስፔን እጅግ ዝናባማ ቦታዎች አንዷ ናት። ሆኖም ያ ሁሉ ዝናብ በበጋው ወራት ይጠፋና ደኑ ለእሳት ይጋለጣል፤ ስለዚህ ከጁን እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ባለው የእሳት አደጋ ወቅት እነዚያ መንገዶች በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ይዘጋሉ። ይህ በየዓመቱ የሚደጋገም እንጂ ድንገት የሚከሰት ነገር አይደለም። በግንቦት ቀብድ ተቀብሎ ለጁላይ የደን ጉዞ የሸጠ ድርጅት ይህን አላውቅም ሊል አይችልም። እዚያ ስንደርስ አስጎብኚዋ ከመኪና መንገድ ዳር ቁማ ደኑን በሩቁ አሳየችን። በስማችን የወጣ ፈቃድ እንዳለ ስጠይቃት፣ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ተሰጥቷት እንደማያውቅ በቅንነት ነገረችኝ፤ እሷም እንደ እኛ የተጎዳች ሠራተኛ ናትና አልፈርድባትም።

መንደሮቹን በተመለከተ፣ በኮረብታ ላይ የተሠራችውንና ቁልቁል ግድቡን የምትመለከተውን ዛሃራን ለማየት የተሰጠን 25 ደቂቃ ብቻ ነበር። ሽቅብ ወደ ግንቡ የሚወስደውን መንገድ እንኳን እናቴ እኔም በዚያ ጊዜ ልጨርሰው አልቻልኩም። ቤቶቹ በትልቅ አለት ሥር በተጠለሉባት በሴቴኒልም ከግማሽ ሰዓት በላይ አልቆየንም። በአንጻሩ በቆዳ ሥራዋ በምትታወቀው በኡብሪኬ ከተማ አንድ የቆዳ ዕቃ መደብር ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። የኡብሪኬ ቆዳ ሠሪዎች ሙያ የተከበረና ሊታይ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን መደብሩ በውላችን ውስጥ አልነበረም። ሆቴሉም ከሮንዳ 14 ኪሎ ሜትር ርቆ በአውራ ጎዳና ዳር የሚገኝ ስለነበር፣ በ1793 የተጠናቀቀውንና ከገደሉ ግርጌ 98 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የቆመውን፣ «አዲሱ ድልድይ» የሚባለውን የሮንዳን ድልድይ በምሽት ለማየት የነበረን ሐሳብ ሳይሳካ ቀረ። እናቴ ለወራት ስትጠብቀው የነበረው ይህንን ድልድይ ነበር።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሆቴሉን ሙሉ አድራሻ፣ በእያንዳንዱ መንደር የምትቆዩበትን ሰዓት፣ የእግር መንገዱን ስምና በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። «ፈቃድ» የሚል ክፍያ ካያችሁ ማን እንደሚሰጠው ጠይቃችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ። መንደሮቹ ዳገትና ጠባብ ጎዳና የበዛባቸው ስለሆኑ፣ አረጋዊ ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ መኪናው የት ድረስ እንደሚገባም ማወቅ ያስፈልጋል። በማላጋ ግዛት በገደል ላይ ለተሠራው ካሚኒቶ ዴል ሬይ ለሚባለው ጠባብ የእግር መንገድም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አድርጉ፤ ያለ አስጎብኚ የሚገባበት ትኬት እኔ ባየሁበት ጊዜ በራሱ ድረ ገጽ 10 ዩሮ ነበር፣ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅም አይፈቀድለትም።

ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ከከፈላችሁ መብት አላችሁ። ማረፊያና መጓጓዣ አንድ ላይ የተሸጠበት ጉዞ በአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ ይሸፈናል፤ ሻጩ ከመነሻው ቀን በፊት ዋናውን ነገር በከፍተኛ ደረጃ ከለወጠ ያለ ቅጣት መሰረዝ፣ ክፍያውንም በ14 ቀን ውስጥ ማስመለስ ይቻላል። ጉድለቱ በጉዞው ላይ ከታየ ሳትዘገዩ ለድርጅቱ አሳውቁና የዋጋ ቅናሽ ጠይቁ፤ እኔ ቤቴ እስክገባ በመታገሤ ክርክሬን አዳክሜዋለሁ። በአንዳሉሲያ ማንኛውም ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት የቅሬታ ቅጽ ለደንበኛው የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ቅጹ ከደረሰውም በኋላ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

ለእኛ የመጣው መልስ 35 ዩሮው «የማስተናገጃ ክፍያ» ነበር የሚል ነው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ግን «የፓርክ ፈቃድ» ስለሆነ፣ ደረሰኙን ከማስታወቂያው ስክሪንሾት ጋር አያይዤ ለከተማው የሸማቾች ቢሮ ልኬዋለሁ። ከዚሁ ዓይነት ሻጭ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ደረሰኛችሁን አትጣሉ፤ የተከፈለበትን ምክንያት የሚገልጸውን መስመርም ደግማችሁ አንብቡት።