በርሜሉ ይቀመጥ፣ ማሞቂያው ይውጣ

ኮራል የተባለውን የባሕር እንስሳ ለማሳድግበት ገንዳ የጨው ውኃ ማዘጋጃ ብዬ የገዛሁት ስብስብ አራት ነገሮች አሉት፤ ባለ 120 ሊትር ነጭ የፕላስቲክ በርሜል፣ ውኃ ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ፣ ማሞቂያ፣ ከበርሜሉ ግርጌ የተገጠመ ቧንቧ። በርሜሉ አይሸትም፣ አያፈስስም፣ ሞልቶም አይለመጥም። ቧንቧውም ደህና ነው። ይህን ያስጻፈኝ ማሞቂያው ነው።

ውኃ በቀየርሁ ቁጥር ሃመር የተባለው ዓይነት ኮራሌ ጣት የመሰሉ ክንዶቹን ሰብስቦ ለቀናት ይኮራመት ነበር። ጨዋማነቱን በሪፍራክቶሜትር ለካሁ፤ በሺህ 35፣ ልክ እንደ ውቅያኖስ። ሙቀቱ ከገንዳው እኩል ነው። ካልሲየሙን መረመርሁ፤ የጎደለ አይመስልም። አልካሊኒቲውን፣ ማለት ውኃው የያዘውን የካርቦኔት መጠን፣ ስመረምር ግን ጉዱ ወጣ። በተቀላቀለበት ቀን 8 ዲግሪ (የሙቀት ሳይሆን የአልካሊኒቲ መለኪያ ነው) የነበረው ውኃ በርሜሉ ውስጥ ሳምንት ሲሰነብት 6 ሆኗል።

ወዲያው ፓምፑን አውጥቼ ፈታሁት። ክንፉን የሚያዞረው ማግኔት ዙሪያውን ነጣ ያለ ቡናማ ነገር ተጋግሮበታል። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ ወደቀ። የማሞቂያው መስታወት ደግሞ የባሰ ነበር፤ የሙቀት ቁጥሩ እስከማይነበብ ድረስ ተሸፍኗል። አቼቶ ሳፈስስበት አረፋ እየደፈቀ ተንጨረጨረ። ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ያው የኖራ ድንጋይ። ኮራሉ አጽሙን የሚሠራበት ማዕድን ገንዳው ሳይደርስ ማሞቂያው ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ስኳር በሙቅ ውኃ የበለጠ ይሟሟል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ግን በተቃራኒው ውኃው ሲሞቅ ከውኃው መውጣት ይቀናዋል። የማሞቂያው ገላ ደግሞ ከዙሪያው ውኃ ይልቅ ሁልጊዜ ይሞቃል፤ ቅርፊቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያማስል ያንኑ ውኃ እየመለሰ ወደ ትኩሱ መስታወት ያቀርበዋል። የካልሲየም መመርመሪያው ለምን አላስጠነቀቀኝም? አልካሊኒቲው በ2 ዲግሪ ሲወርድ አብሮት የሚወርደው ካልሲየም በሊትር 14 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ከ420 ላይ 14 ሲጎድል በጠብታ የሚሠራ የቤት መመርመሪያ በውል አይለየውም። ስለዚህ ማንም ሻጭ «ካልሲየምህ ሙሉ ነው፣ ውኃህ ደህና ነው» ቢላችሁ አትቀበሉት። አልካሊኒቲውን ጠይቁት።

ከስብስቡ ጋር የመጣው መመሪያ ማሞቂያውና ፓምፑ ሌት ተቀን እንዲሠሩ ያዝዛል። ለምን? «ኮራል ሙቀት ይፈልጋል» ሊሉኝ ነው። አዎን ይፈልጋል፤ በርሜሉ ውስጥ ግን ኮራል የለም! ያለው ተራውን የሚጠብቅ ውኃ ነው። «ካልተማሰለ ጨው ይዘቅጣል» ይሉም ይሆናል። አንዴ በሚገባ የሟሟ ጨው ተመልሶ አይዘቅጥም፤ እንዲያውም እንዲዘቅጥ ያደረገው የእናንተው መመሪያ ነው። ደግሞስ የምኖረው ዱባይ ነው። አየር ማቀዝቀዣው ቤቴን ዓመቱን ሙሉ 24 ዲግሪ ላይ ያቆየዋል፤ በርሜሉም ያንኑ ሙቀት ይዞ ያድራል። በዚህ ከተማ ሙሉ ስብስብ ብሎ ማሞቂያ ጨምሮ መሸጥ ገዢውን አለማሰብ ነው።

እዚህ ያሉ ወዳጆቼ «ባሕሩ አጠገብህ እያለ ለምን ጨው ትገዛለህ?» ይሉኛል። የባሕረ ሰላጤው ውኃ በትነት ብዛት ጨዋማነቱ በሺህ ከ40 ያልፋል፤ ለገንዳዬ መቅጠን አለበት። የባሕሩ ዳርቻም ወደብና ግንባታ የበዛበት ነው። በ2008 እና በ2009 በዚህ ባሕር የተነሣው ቀይ ማዕበል፣ ማለት ከልክ በላይ የበዛ ጥቃቅን አልጌ፣ ዓሣ ጨርሶ፣ ባሕር አጣርተው የመጠጥ ውኃ የሚያመርቱ ጣቢያዎችን ሳይቀር አስቁሟል። የቧንቧውን ውኃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ አሳልፌ፣ የቀረውን ማዕድን በማጣሪያ ሙጫ (ሬዚን) አስይዤ፣ የሟሟ ማዕድን መለኪያው ዜሮ ሲያሳይ ጨው መጨመር ይሻለኛል። ምን እንዳለበት አውቀዋለሁ።

አሁን ማሞቂያውን ከበርሜሉ አውጥቼዋለሁ። መጀመሪያ ውኃው ይሞላል፣ ፓምፑ ይነሣል፣ ከዚያ ጨው በሊትር 38 ግራም ያህል ቀስ በቀስ ይገባል። ጨው ላይ ውኃ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ከታች ያለው ጥቂት ውኃ ከመጠን በላይ ስለሚወፍር ካልሲየሙ ገና ሳይሟሟ ይደነድናል። ውኃው ጠርቶ የበርሜሉ ወለል ሲታይ፣ ጨዋማነቱም 35 ሲሆን፣ ፓምፑን አጠፋለሁ። በቃ። በሳምንቱ ስለካው አልካሊኒቲው 8 ላይ ነው። ሃመር ኮራሉም ውኃ በተቀየረበት ዕለት ማታ ጣቶቹን ዘርግቶ ይታያል፤ ይህን ሳይ የሚሰማኝን ደስታ ኮራል ያሳደገ ያውቀዋል።

ያልጠበቅሁት ጥቅምም መጣ። ቀድሞ የሁለቱ ዕቃዎች ገመድ በጠርዙ ስለሚያልፍ ክዳኑ አይገጥምም ነበር፤ ውኃው እየተነነ ጨዋማነቱ በየቀኑ ይንፏቀቅ ነበር። አሁን ፓምፑንም አንሥቼ ክዳኑን እስከ መጨረሻው አጠብቀዋለሁ፤ የዛሬው 35 በሳምንቱም 35 ነው። ይህን ክዳን የሠራው ሰው ሥራውን ያውቃል፤ ጎማው ሳይላላ፣ ጥርሱ ሳይበላ እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ መግዛቴ አያስቆጨኝም፤ የሚያስቆጨኝ ለማሞቂያው የሄደው ገንዘብ ነው። እኔ ደግሜ ብገዛ በርሜሉን፣ ቧንቧውንና ፓምፑን ለብቻ እገዛለሁ፤ በማሞቂያው ዋጋ ጥሩ የአልካሊኒቲ መመርመሪያና ሪፍራክቶሜትሩን የማስተካክልበት ባለ 35 ፈሳሽ እጨምራለሁ። ቤታችሁ የሚቀዘቅዝበት አገር ከሆናችሁም ማሞቂያውን ውኃ ልትቀይሩ ጥቂት ሰዓት ሲቀር ብቻ ክተቱት፤ ውኃው እንደ ገንዳው ሲሞቅ አውጡት። ሻጩ ሳይለያይ አልሸጥም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።