ባለ 1 ቶኑ የመቀስ ክሪክ፦ ሲጀመር የሚከብደው ለምንድን ነው?

ከስኮርታ ጎማ ጋር የሚቀመጠው፣ እንደ መቀስ የሚከፈተው ክሪክ ለቤት መኪና ከበቂ በላይ ነው። የሚወቀሰው ሲጀመር ስለሚከብድ ነው። ያ ግን ብልሽት ሳይሆን አሠራሩ ነው።

የብሎኑ ጥርስ እርምጃ (በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት) 3 ሚሊ ሜትር፣ የእጀታው ክንድ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እጃችን በአንድ ዙር 94 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። የክሪኩ ክንዶች ተኝተው ከመሬት ጋር 20 ዲግሪ ሲሠሩ አንድ ዙር መኪናውን 8 ሚሊ ሜትር ያህል ያነሳል፤ ሜካኒካል አድቫንቴጁ፣ ማለትም ሰበቃ ባይኖር ግፊታችንን የሚያባዛበት እጥፍ፣ 115 ግድም ነው። 60 ዲግሪ ሲደርሱ አንድ ዙር የሚያነሳው 1.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ወደ 540 ይወጣል። እንደ ቪትዝ ያለች መኪና አንድ ጎማዋ ሲነሳ ክሪኩ ላይ 300 ኪሎ ያህል ያርፋል እንበል። በስሌቱ ከታች 2.6 ኪሎ ግፊት በበቃ ነበር፤ በተግባር ግን ወደ 10 ኪሎ ይጠይቃል፤ ልዩነቱን ሰበቃ ይበላዋል። ከላይ ግን 2 ኪሎ ይበቃል።

ብቃቱ፣ ማለትም ከምናወጣው ጉልበት ለማንሳት የሚውለው፣ 25 በመቶ ግድም ነው ማለት ነው፤ ይህን እንደ ጉድለት ማየት ስህተት ነው። ብቃቱ ከ50 በመቶ በታች የሆነን ብሎን ሸክሙ ወደ ኋላ አያዞረውም፤ እጀታውን ብንለቅም መኪናው ባለበት ይቆማል። በዘይት የሚሠራው ክሪክ ብቃቱ እጅግ የተሻለ ቢሆንም ሸክሙን የሚይዘው በቫልቭና በጎማ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ሲያልቅ ቀስ እያለ ይወርዳል። ደግሞም ባለ 2 ቶኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 ሴንቲ ሜትር በታች ስለማይወርድ ጎማዋ ከተነፈሰ ትንሽ መኪና ሥር አይገባም።

ስንገዛ ብሎኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ እናዙረው። መሃል ላይ ከያዘ ወይም ብሎኑ የሚገባበት ዳዶ ከተወዛወዘ ይቅር። ከታችና ከላይ ክንዶቹ የሚገናኙባቸው ጥርሶች እኩል ካልተናከሱ ክሪኩ ሸክም ሲያገኝ ወደ ጎን ያጋድላል፤ ከሁሉ አደገኛው ይህ ነው።

ጥርሱንና በእጀታው በኩል ያለውን ኩሽኔታ ግራሶ መቀባት ግፊቱን በግልጽ ያቀልላል። እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም ግን አይመከርም፤ ያን ያህል ከከበደ ብሎኑ ደርቋል ወይም ሸክሙ በዝቷል። ለስላሳ መሬት ላይ ሰፊና ስስ ጣውላ ይሻላል፤ ወፍራም ከሆነ ክሪኩ ሳይከፈት መኪናውን ስለሚነካ ሥራው የሚጀመረው ከከባዱ ቦታ ነው። መኪናውን ከማንሳታችን በፊት የጎማውን ዳዶዎች ግማሽ ዙር እናላላ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ በሰያፍ ያለው ጎማ ሥር ድንጋይ ይደረግ። ከመኪናው ሥር ለመግባት ግን ክሪኩ ብቻውን አይታመንም፤ ስታንድ (መኪናውን ደግፎ የሚይዝ መቆሚያ) ያስፈልጋል።