ስንቅ የሌለው ቼክ ለጻፈ ነጋዴ፦ የቼክ ሒሳብ አከፋፈት በደብረ ማርቆስ

ደብረ ማርቆስ ላይ የቁጠባ ሒሳብ መክፈት ቀላል ነው፤ የፋይዳ መታወቂያና ፎቶ ይዞ መሄድ ነው። ስንቅ (በሒሳቡ በቂ ገንዘብ) የሌለው ቼክ ጽፎ የተመለሰበት ሰው የቼክ ሒሳብ ሲፈልግ ግን ባንክ መቀያየር አያዋጣም፤ ቼኩ የመመለሱ ሪፖርት በብሔራዊ ባንክ በኩል ሌሎቹም ዘንድ ይደርሳል። በቅድሚያ ለቼክ ያዡ ከፍሎ ዋናውን ቼክ መረከብ፣ ያልተጻፈባቸውን የቼክ ቅጠሎች ለቀድሞው ባንክ መመለስ፣ ከዚያ ዕዳው መጠናቀቁን የሚገልጽ ደብዳቤ መጠየቅ ያስፈልጋል። የቅርንጫፍ ሠራተኞች ትሁት ናቸው። የሚያሳዝነው የጎደለውን ሰነድ በአንድ ጊዜ አለመንገራቸው ነው፤ ከቡሬ የመጣ እህል ነጋዴ በከንቱ ይመላለሳል። እስከዚያው ትልቅ ክፍያ በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚከፍለው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን። ለመያዣ ብሎ የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ አደገኛ ነው፤ ቼክ የተጻፈበት ቀን ባይደርስም እንደቀረበ ይከፈላል፣ ስንቅ ከሌለው ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል።