ጊታራችሁን ካስፈለፈላችሁ ቀሪውን ሳትከፍሉ ፕላስቲኩን አስከፍቱ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ይብረድልኝ ብዬ ብቆይ ነገ ጠዋት ሌላ ልጅ ጊታሩን አዝሎ እዚያው ቤት ይገባል። ስለዚህ ዛሬውኑ ልናገር።

ጊታር የሚጠግነውን ሰውዬ ስሙን ባልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ላይ ጊታር ሰቅሏል፤ ከታወቁ ዘፋኞች ጋር የተነሳቸውን ፎቶዎች በፍሬም አድርጎ ደርድሯል። "የእነ እገሌን ጊታር የምሠራው እኮ እኔ ነኝ" ይላችኋል። ቀብድ እስኪቀበል "ወንድሜ"፣ "ልጄ" ነው። ከዚያ በኋላ ስትደውሉለት "መብራት የለም"፣ "ኮላው አልደረቀም"፣ "ነገ ብቅ በል"። ደረሰኝ ስትጠይቁት ቅር ይለዋል። ይሄ ሁሉ የለመድነው ነው፤ በዚህ አላደክማችሁም። የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ እኔ የማምናቸው ሠሪዎች ተበታተኑ። ሰው ጠቁሞኝ ነው ወደዚህ የሄድኩት።

ጊታሬ ጥቁር ስኳየር ስትራት ነው፤ ስኳየር የፌንደር ርካሹ ስም ነው። ሠርግ ላይና ማታ ማታ ክለብ የምሠራው በሱ ነው። ስትራት ላይ የሚመጡት ሦስቱ ነጠላ ፒክአፖች፣ ማለትም የክሩን ድምፅ ለአምፑ የሚያነሱት ባለ አንድ ጥቅልል ማግኔቶች፣ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፤ ለባቲ፣ ለአምባሰል እወዳቸዋለሁ። ግን ጉምጉምታ አላቸው። ኧርዝ በሌለው መስመር ላይ፣ ከጄኔሬተርና ከመድረክ መብራት አጠገብ ስትቆሙ ዘፋኙ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር የእናንተ ጊታር ነው የሚሰማው። ሃምበከር የሚባለው ባለ ሁለት ጥቅልል ፒክአፕ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ሁለቱ ጥቅልሎች ተቃራኒ ሆነው ስለሚገናኙ ከውጭ የሚገባውን ጉምጉምታ እርስ በርስ ያጠፉታል። የጊታር ፋብሪካው የጊብሰን ባለሙያ ሴዝ ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ማመልከቻ ያስገባበት ሥራ ነው። ዛሬ የትም ያለ ጊታር ጠጋኝ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ አንድ ሃምበከር በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። አብረውት የሚሄዱትን 500 ኪሎ ኦም የሆኑ የቮልዩምና የቶን መቆጣጠሪያዎችም ጨምራለች። ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ወዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ በእጅ ማስገባት ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሌላ የማመጣበት አቅም የለኝም።

አሁን ወደ እንጨቱ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የነጠላ ፒክአፕ ሽፋን ስፋቱ 18 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሃምበከር ግን ወደ 38 ይጠጋል። አንዳንድ ስትራቶች ከፋብሪካ ሲወጡ ፒክአፖቹ ከተሰኩበት የፊት ሽፋን ፕላስቲክ ስር ሰፊ ጉድጓድ አላቸው፤ የኔ ግን ለሦስት ነጠላ ብቻ የተፈለፈለ ነው። ስለዚህ በብሪጁ፣ ክሮቹ ከታች በሚያርፉበት ብረት፣ በኩል ያለው ጉድጓድ መስፋት ነበረበት። ወደ መሃለኛው ፒክአፕ ቢሰፋ ብዙ ክፋት የለውም። ወደ ብሪጁ ግን ከልክ ካለፋችሁ ብሪጁን ከቦዲው ጋር ያሰሩት ስድስቱ ብሎኖች ጋ ትደርሳላችሁ። በውፍረታቸው ከ10 እስከ 46 የሚባሉት ክሮች ሲወጠሩ በድምሩ ወደ 45 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ይስባሉ። ከጀርባ ደግሞ ሞላዎቹ ይጎትታሉ። ያን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚያ ብሎኖች የገቡባት ቀጭን እንጨት ናት። እሷ ከተነካች ጊታሩ አይቃኝም።

ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ አስረድቻለሁ። ፕላስቲኩን ፊቱ ፈትቼ፣ እንጨቱ ላይ በነጭ እርሳስ አስምሬ አሳይቻለሁ።

"ጋሼ፣ ከዚህ መስመር ወደ ብሪጁ አይለፉብኝ፤ ብሎኖቹ አሉ።"

"ልጄ፣ እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንተ አልተወለድክም" አለኝ።

ማን እንደሚፈለፍለው ጠየቅኩት። "እኔ ነኛ! ለሌላ ሰው የምሰጥ ይመስልሃል?" አለ። ከጠረጴዛው ስር ራውተር የሚባለውን የእንጨት መቦርቦሪያ ማሽን አውጥቶ አሳየኝ። በፎርማ እየመራ፣ ጥቂት ጥቂት እያነሳ እንደሚሠራው ነገረኝ። ትክክለኛው አሠራርም እሱ ነው። የተናገረው በሙሉ ልክ ነበር። 8,000 ብር ተስማማን፤ ግማሹን ከፈልኩ።

ዛሬ ከሰዓት "አልቋል፤ ና ውሰድ" ተባልኩ።

ጊታሩ ጠረጴዛው ላይ ተወልውሎ ተኝቷል። ሃምበከሩ ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ ፕላስቲኩ በልኩ ተቆርጧል። አምፕ ላይ ሰካሁት። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ጉምጉምታው ጠፍቷል። ደስ አለኝ። ቀሪውን 4,000 ብር በቴሌብር ላክሁለት። ስልኩ ጢን ሲል አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደኔ አላዞረም።

ቃኝቼ ትዝታ ጀመርኩ። ሁለት መስመር ሳልጫወት ቅኝቱ ወረደ። መልሼ አስተካከልኩት፤ መልሶ ወረደ። አዲስ ክር እንደሚላላ አውቃለሁ። ስድስቱም ግን ባንዴ፣ እኩል አይወርዱም። የብሪጁን እጀታ ቀስ አድርጌ ስጫነው ከውስጥ "ቀጭ" አለ። ጣቴን ብሪጁ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩ። ብረቱ ወደ ፒክአፑ እየተንሸራተተ ነው።

"ጋሼ፣ ካቻቪቴ ይስጡኝ፤ ፕላስቲኩን ልክፈተው።"

ስልኩን እየነካካ ነው። ቀና እንኳ አላለም። "ምን ልታይ ነው? እንጨት አይተህ አታውቅም?"

ካቻቪቴውን ያቀበለኝ እዚያው የሚሠራው ልጅ ነው። ክሮቹን አላላሁ። አስራ አንዱን ብሎን አንድ በአንድ ፈታሁ። ፕላስቲኩን ከነፒክአፖቹ አነሳሁት።

ያሰመርኩት መስመር የለም። መስመሩ ያረፈበት እንጨት ራሱ የለም። የጉድጓዱ ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል፤ በመሮና በመዶሻ የተፈለጠ እንጨት የሚመስለውን ታውቁታላችሁ። ወደ ብሪጁ በኩል ያለው ግድግዳ ተገምጦ ሁለቱ መሃለኛ ብሎኖች ጎናቸው ተራቁቷል። ክፍተቱ በነጭ ነገር ተሞልቷል። በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረና ጉድጓዱ ውስጥ ረገፈ። ስቱኮ ነው! ግድግዳ ቀቢዎች ሽንቁር የሚደፍኑበት ስቱኮ። ብሎኑን በሁለት ጣቴ ያዝኩት፤ እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቃል። ከብሎኑ ስር የተነሳ ስንጥቅ ደግሞ እስከ ቦዲው ፊት ዘልቋል። ስንጥቁ እንዳይታይ ላዩን በጥቁር ማርከር አስምረውበታል። ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ስጠርገው ቀለሙ ለቀቀ።

መሰበሩስ ይሁን። እንጨት ይሰበራል፤ ሰው ይሳሳታል። ደውሎ "ተሰብሮብኛል፣ ምን እናድርግ?" ቢለኝ ተናድጄም ቢሆን እንነጋገር ነበር። ያ ማርከር ግን ስህተት አይደለም። ማርከሩን ያነሳው እጅ የተሰነጠቀውን አይቷል፤ እኔ እንዳላይ ፈልጓል፤ ከዚያ ደውሎ "አልቋል" ብሎኛል።

ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። "ጋሼ፣ እኔ ነግሬዎት ነበር እኮ። ሶፋ የሚሠራው ልጅ መሮው ሰፊ ነው ብዬ..." ሲል ሰውዬው ጮኸበት።

"አንተን ማን ጠየቀህ? ሂድ ሥራህን ሥራ!"

እንግዲህ ጊታሬን የፈለፈለው ከጎን ያለው ሶፋ ቤት ነው። ያ ያሳየኝ ማሽን ገመዱ እንደተጠቀለለ እዚያው ጠረጴዛ ስር ተቀምጧል።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩት።

"ከፕላስቲክ ስር ያለን ነገር ማን ያየዋል?"

"ብሎኑ አልያዘም እኮ። ቅኝት አይዝልኝም።"

"ስኳየር እኮ ነው። ፌንደር አምጥተህ ቢሆን አንድ ነገር ነበር።" ከዚያ ፈገግ አለና፣ ከሁሉም ያንገበገበኝን ተናገረ። "ደግሞስ ሠርግ ላይ ነው የምትጫወተው። ማን ይሰማሃል?"

ይህን ያለኝ የሙዚቀኛ ፎቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ የሚበላ ሰው ነው። ሠርግ ላይ ማን እንደሚሰማ ልንገረው። ሙሽራው ይሰማል፣ እናቱ ትሰማለች፣ ከገጠር የመጡ ዘመዶች ሳይቀሩ ቅኝት ሲሰበር ፊታቸው ይለወጣል። ሰላም ስዩም ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጋር ያን ጊታር ሲጫወት የነበረው ለሚጨፍር ሕዝብ ነው። የሚጨፍር ሕዝብ ጆሮ የለውም ያለው ማነው? እኔ የቤት ኪራዬን የምከፍለው በዚያ ጆሮ ነው። ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ፤ ጊታር ልለምን ነው።

ገንዘቤን መልስልኝ አልኩት። "እርስዎ" ማለቱን እዚያ ላይ አቆምኩ። "ፒክአፕህ ገባ፣ ድምፅህ ወጣ፤ የምን ገንዘብ ነው?" አለና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የአቧራ ጨርቅ አንስቶ በተከፈተው ጊታሬ ላይ ጣለበት። በር ላይ አንድ ወጣት የጊታር ቦርሳ አዝሎ ገብቶ ነበር። ወዲያው ድምፁ ተለወጠ። "ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ! ግባ፣ ግባ!"

ጨርቁን አንስቼ ጊታሬን ለዚያ ልጅ አሳየሁት። ምንም አልተናገርኩም፤ ጉድጓዱን በጣቴ ብቻ ጠቆምኩት። አይቶ ቦርሳውን ሳያወርድ ወጣ። ሰውዬው ከኋላዬ ሲሰድበኝ እኔም ወጣሁ።

ጊታሩ ይድናል ብዬ አስባለሁ። ስቱኮው ተጠርጎ መውጣት አለበት። ስንጥቁ ኮላ ጠጥቶ በማሰሪያ ታስሮ ማደር አለበት። የተገመጠው ቦታ በልኩ በተቆረጠ ጠንካራ እንጨት ተሞልቶ፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ እንደ አዲስ መበሳት አለበት። ይህን የሚችል ሰው ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሊጠይቅም ይገባዋል። የሚያቃጥለኝ ሃያ ሚሊሜትር ለማስፋት ከፍዬ፣ አሁን ደግሞ የተገመጠውን ለመሙላት መክፈሌ ነው።

ለምታስቡበት ሰዎች ባጭሩ። የምትፈልጉት ጉምጉምታውን ማጥፋት ብቻ ከሆነ በነጠላ ፒክአፕ ልክ የተሠሩ ሃምበከሮች አሉ፤ ያለ ምንም መፈልፈል በነበረው ጉድጓድ ይገባሉ። መቆጣጠሪያውም 24 ሚሊሜትሩ ካልገባ 16 ሚሊሜትር የሆነው ትንሹ አለ፤ እሱን ብላችሁ አስመጡ። ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ፕላስቲኩን ፈታችሁ ስሩን እዩ፤ ምናልባት ጉድጓዱ ከፋብሪካ ሰፍቶ መጥቶላችሁ ይሆናል። የግድ መፈልፈል ካለበት ማሽኑ በትራፊ እንጨት ላይ ሲሠራ ሳታዩ ቦዲውን ጥላችሁ አትሂዱ። ቀሪውን ገንዘብ ፕላስቲኩ ተከፍቶ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ።

የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም። ጊታር ልታሠሩ ያሰባችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፤ ሰፈሩን እነግራችኋለሁ፣ የስንጥቁንና የስቱኮውን ፎቶም እልክላችኋለሁ። እንጨት ላይ እጁ የታመነ፣ የተሰበረ የብሪጅ ቀዳዳ አስተካክሎ የሚያውቅ ሠሪ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ጠቁሙኝ።